ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ታሪክና በሰው ትዝታ ውስጥ ስላለው ስፍራ

በአማርኛ «ጨዋታ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ገበጣ፣ ገና፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ድብብቆሽና እነዚህን የመሳሰለው ሁሉ ነው፤ ሁለተኛው ግን ሰዎች ተቀምጠው የሚያወጉት ወግ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ተጫወት እንጂ» የሚባለው ገበጣ ይቅረብልህ ለማለት ሳይሆን አብረን እናውጋ ለማለት ነው። «ጨዋታ አዋቂ» የሚባለውም ወጉ የሚጥም ሰው እንጂ ብዙ ጊዜ ያሸነፈ ሰው አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር፣ የቪዲዮ ጨዋታ ወይም በተለምዶ «ጌም» የምንለው፣ በተጫወቱት ሰዎች ልብ ውስጥ ብዙ ዘመን የሚኖረው ስለ ምን እንደ ሆነ ነው። ሐሳባችንን አስቀድመን ለመግለጽ ያህል፣ ጨዋታው ትርጉም የሚያገኘው ከመሣሪያው ብልሃት ይልቅ ከቃሉ ሁለተኛ ፍች፣ ማለት በዙሪያው ከሚደረገው ወግና ጓደኝነት ነው እንላለን። ይህንም ለማስረዳት በመጀመሪያ የመሣሪያውን ታሪክ በአጭሩ እንመለከታለን፤ ቀጥሎም እኛ ራሳችን ያየነውን እንጨምራለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከመጀመሪያዎቹ የቪዲዮ ጨዋታዎች አንዱ የተሠራው ለንግድ አልነበረም። በ1958 በኒው ዮርክ በሚገኘው በብሩክሄቨን ብሔራዊ የምርምር ማዕከል ዊልያም ሂጊንቦተም የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ፣ ማዕከሉን ለመጎብኘት የሚመጣው ሕዝብ እንዳይሰለች ብለው አንድ የቴኒስ ጨዋታ አዘጋጁ። ሜዳው ኦሲሎስኮፕ በሚባለው፣ የኤሌክትሪክን ሞገድ በሚያሳየው መሣሪያ ትንሽ መስተዋት ላይ በብርሃን የተሣለ ነበር። እኒህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአቶሚክ ቦምብ የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ከሠሩት ባለሙያዎች አንዱ ሲሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ግን የአቶሚክ መሣሪያ እንዳይስፋፋ ከተከራከሩት ጋራ ተሰልፈዋል። ጎብኝዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ለመጫወት ረጅም ሰልፍ ያዙ። በ1959 ጨዋታው እንደገና ከታየ በኋላ መሣሪያው ፈረሰ፤ ዕቃውም ለሌላ ሥራ ዋለ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነገር ለጉዳያችን እጅግ ጠቃሚ ነው። ከጎብኝዎቹ መካከል በዚያ ጊዜ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበሩት ዴቪድ አል ይገኙ ነበር። እኒህ ተማሪ አድገው «ክሪየቲቭ ኮምፒዩቲንግ» የተባለው መጽሔት አዘጋጅ በሆኑ ጊዜ በልጅነታቸው የተጫወቱትን ቴኒስ አልረሱም ነበርና፣ በ1982 ታሪኩ በመጽሔቱ እንዲወጣ አደረጉ። የሂጊንቦተም ሥራ በሰፊው የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ መሣሪያው ከፈረሰ ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ታሪኩን ያነሣው የአንድ ልጅ ትዝታ መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1962 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስቲቭ ራስልና ባልንጀሮቻቸው ፒዲፒ ዋን በተባለው ኮምፒዩተር ላይ «ስፔስዎር» የተባለውን ጨዋታ ሠሩ። የኮምፒዩተሩ ዋጋ ከ100,000 ዶላር በላይ ነበር። ሁለት መርከቦች ወደ ራሷ በምትስባቸው በአንዲት ኮከብ ዙሪያ እየበረሩ ይዋጋሉ፤ መርከቦቹን የሚነዱትም ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች ናቸው። ጨዋታው ለሽያጭ ሳይቀርብ፣ ከአንዱ የኮምፒዩተር ክፍል ወደ ሌላው እየተገለበጠ በባለሙያዎች መካከል ተዛመተ።

በቤት ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋራ ተያይዞ የሚሠራው የመጀመሪያው የጨዋታ መሣሪያ «ኦዲሲ» ሲሆን፣ ማግናቮክስ የተባለው ኩባንያ በ1972 ለገበያ አቀረበው። የፈለሰፉት ራልፍ ቤር፣ ከናዚዎች መንግሥት በ1938 ከቤተ ሰባቸው ጋራ ሸሽተው አሜሪካ የገቡ የጀርመን አይሁዳዊ ነበሩ። ይህ መሣሪያ ድምፅ የለውም፤ ነጥብም አይቆጥርም። የሜዳው ሥዕል በቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ የሚለጠፍ ስስ ፕላስቲክ ነበር። ከመሣሪያውም ጋራ የመጫወቻ ካርታ፣ የወረቀት ገንዘብና ዛር የሚባለው የመጫወቻ ጠጠር አብሮ ይሸጥ ነበር። ማን እንዳሸነፈ የሚቆጥሩትና የሚዳኙት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ስለ ነበሩ፣ አንዱ ሌላውን ማመን ነበረበት። በዚያው ዓመት አታሪ የተባለው ኩባንያ ያወጣው «ፖንግ» ነጥብ መቁጠር ቢያውቅም፣ በካሊፎርኒያ መጠጥ ቤት ሲቆም ሁለት ሰው ካልተገኘ አይሠራም ነበር።

ከዚህ በኋላ መሣሪያው ጥቂት በጥቂት ማስታወስ ጀመረ። በ1978 ቶሞሂሮ ኒሺካዶ በጃፓን የሠሩት «ስፔስ ኢንቬደርስ» ከሁሉ የበለጠውን ነጥብ በመስተዋቱ ላይ ያሳይ ነበር። በ1979 የወጣው «አስትሮይድስ» ደግሞ አሸናፊው ከስሙ ሦስት ፊደል እንዲጽፍ ፈቀደለት፤ ነገር ግን ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ ስሙም አብሮ ይጠፋል። በ1986 በጃፓን የወጣው «የዜልዳ ተረት» በ1987 አሜሪካ ሲገባ በካሴቱ ውስጥ ትንሽ ባትሪ ስለ ነበረው፣ ልጁ ትናንት ካቆመበት ዛሬ መቀጠል ቻለ። በ1994 የወጣው ፕሌይስቴሽን ደግሞ ትዝታውን ከመሣሪያው አውጥቶ በኪስ በሚያዝ ካርድ ላይ አኖረው። ይሁን እንጂ ባትሪ ያልቃል፤ ካርድም ይበላሻል ወይም ይጠፋል። የብዙ ልጆች የወራት ድካም የአንዲት ሳንቲም ባከለች ባትሪ ዕድሜ የታሠረ ነበር።

ትዝታ በጨዋታው ውስጥ የሚገባው ግን በተጫዋቹ በኩል ብቻ አይደለም፤ ሠሪዎቹም የራሳቸውን ልጅነት አግብተውበታል። ሺጌሩ ሚያሞቶ «የዜልዳ ተረት»ን ሲሠሩ፣ በልጅነታቸው በኪዮቶ አጠገብ ባለችው በሶኖቤ ኮረብታና ዋሻ ውስጥ ሲዘዋወሩ የተሰማቸውን መደነቅ ለሌላው ልጅ ለማካፈል አስበው እንደ ነበረ ገልጸዋል። በ1996 የወጣውን «ፖኬሞን» የፈጠሩት ሳቶሺ ታጂሪም በልጅነታቸው ነፍሳትን እየያዙ ይሰበስቡ ነበር። በጨዋታው ያሉትን ፍጥረታት ሁሉ ለመሰብሰብ የሚፈልግ ልጅ መሣሪያውን ከሌላ ልጅ መሣሪያ ጋራ በገመድ አያይዞ መለዋወጥ ነበረበት፤ ብቻውን ሆኖ ሁሉን ሊያገኝ አይችልም። በሞስኮ በሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 «ቴትሪስ»ን የሠሩት ቀድሞ ከሚወዱት የእንቆቅልሽ ጨዋታ ተነሥተው ነው።

ከዚህ በላይ የጻፍነው ሁሉ የውጭ አገር ታሪክ ስለ ሆነ፣ አንባቢ ሆይ፣ እኛን ምን አገባን ትል ይሆናል። እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች በአዲስ አበባ ሰፈሮች ያደግን ስንሆን፣ አብዛኞቻችን መሣሪያው በቤታችን አልነበረም። ያወቅነው በሰፈሩ «ጌም ቤት» ነው። ይኸውም በመንገድ ዳር የሚገኝ የኪራይ ክፍል ሆኖ፣ በበሩ መጋረጃ፣ በውስጡ ጥቂት ቴሌቪዥኖችና አግዳሚ ወንበሮች ነበሩት። የሚከፈለው በጨዋታ ቁጥር ሲሆን፣ የሚመረጠውም ከሁሉ ይልቅ እግር ኳስ ነበር። በሰዓቱ ጠባቂ የሆነው ልጅ ገንዘብ ይሰበስባል፤ ተራ ያስይዛል፤ የተሸነፈ ይነሣል፤ ያሸነፈ ይቀመጣል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት እርስ በርሳችን በተጠያየቅን ጊዜ ሁለት ነገሮች ታወቁን። መጀመሪያው፣ ከተጫወትነው ይልቅ ቆመን ያየነው የበለጠ ትዝ የሚለን መሆኑ ነው። ከመካከላችን ገንዘብ ያለው ጥቂት ስለ ነበረ፣ የቀረው ከኋላ ቆሞ ይመለከታል፤ ይመክራል፤ ይተርባል፤ እንደ ራዲዮ ጋዜጠኛ እየሆነ ኳሱን ያስተላልፋል። ዛሬ ስማቸውን የምናነሣቸው ልጆች ብዙ ግብ ያገቡት ብቻ አይደሉም፤ አንድ ሳንቲም ሳይከፍሉ ቤቱን ያስቁ የነበሩት ጭምር ናቸው።

ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሕግ የነበረው መሆኑ ነው። ለምሳሌ መብራት ሲጠፋ ውጤቱ ከመሣሪያው ይጠፋል። በአንደኛው ሰፈር ጨዋታው መብራት ሲመጣ ያለ ክፍያ ከመጀመሪያ ይደገም ነበር፤ በሌላው ደግሞ ሲመራ የነበረው እንዳሸነፈ ይቆጠር ነበር። «ሦስት ለሁለት ነበር» «የለም፣ ሁለት ለሁለት ነው» የሚል ክርክር ሲነሣ ጠባቂው ቆመው ያዩትን በምስክርነት ይጠራል፤ የተመሰከረበትም እያጉረመረመ ይነሣል። እንግዲህ መሣሪያው የረሳውን ሕዝቡ ያስታውስ ነበር ማለት ነው። ነጥብ መቁጠር የማይችለው ኦዲሲ በ1972 ከተጫዋቾቹ የጠየቀውን መተማመን፣ እኛም ከብዙ ዓመት በኋላ በጨለማው ክፍል ውስጥ ሆነን ሳናውቀው ስንለማመደው ነበር።

ስለ እኅቶቻችንም መናገር ይገባናል። ወደነዚህ ቤቶች የሚገቡ ሴቶች ልጆች እጅግ ጥቂት ነበሩ። የእነርሱ ትዝታ የሚገኘው በሌላ ስፍራ ነው፤ ይኸውም በአባት ወይም በእናት የእጅ ስልክ ላይ ነው። ኖኪያ በ1997 በስልኮቹ ላይ ያስገባው የእባብ ጨዋታ በየቤቱ የራት ሰዓት ውድድር ነበር። ትልቁን ነጥብ ማን እንዳስመዘገበ ቤተ ሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ አንዳንድ ጊዜም አሸናፊዋ እናት ነበረች። የጨዋታን ታሪክ በጌም ቤት ብቻ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ይተዋል።

ነገሩን ሁሉ በማሞገስ ለማለፍ አንፈልግም። ወላጆቻችን እነዚህን ቤቶች የጠሉት በከንቱ አልነበረም። ለደብተር የተሰጠ ገንዘብ በዚያ አልቋል፤ ከትምህርት ቤት መቅረት በዚያ ተለምዷል፤ በውርርድ የተጀመረ ጨዋታም በጠብ የተፈጸመበት ቀን ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ጉዳት ስላለው ታሪክ የለውም ሊባል አይችልም። ጠላ ቤትና ጠጅ ቤትም ብዙ ይወቀሳሉ፤ ነገር ግን የከተማን ኑሮ የሚያጠና ሰው እነርሱን ሳይመለከት ቢያልፍ ሥራው ጎዶሎ ይሆናል።

አሁን የሚያሳስበን ምስክሩ እየጠፋ መሄዱ ነው። በ2023 ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት የቪዲዮ ጨዋታዎች 87 ከመቶው በገበያ የማይገኙ መሆናቸውን ገልጿል። ታላላቅ ኩባንያዎች ባሉበት አገር ይህን ያህል ከሆነ፣ የእኛ የሰፈር ቤቶች የት ይገኛሉ? መሣሪያውን ሌላ አገር ያለ ቤተ መዘክር ሊያስቀምጥልን ይችላል፤ የመብራቱን ሕግ፣ የተራውን ሥርዓት፣ የቀልዱን ቃል ግን ማንም አያስቀምጥልንም። የሚኖረው በሰው ቃል ብቻ ነው፤ ሰውም ይረሳል፤ ይሰደዳል፤ ይሞታል።

ለዚህ ሥራ አርአያ የሚሆን ሰው አላጣንም። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ስለ ገበጣ ሰፊ ጥናት አውጥተዋል። አንዱ አካባቢ ጠጠሩን እንዴት እንደሚዘራ፣ ሌላው እንዴት እንደሚማርክ እየለዩ ስለ መዘገቡ፣ ዛሬ ያ ሁሉ ልዩ ልዩ ሥርዓት ተጽፎ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ገበጣ የሊቅ ጥናት የሚገባው ነገር መሆኑ ያልታየው ሰው ብዙ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ለባልንጀሮቻችን ተማሪዎች የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትመለሱ በሰፈራችሁ የጌም ቤት ከፍቶ የነበረውን ሰው ፈልጉ፤ መሣሪያውን ከየት እንዳመጣ፣ ስንት ያስከፍል እንደ ነበረ፣ መብራት ሲጠፋ እንዴት ይዳኝ እንደ ነበረ ጠይቁ። እናቶችንና እኅቶችን ስለ ስልኩ ጨዋታ ጠይቁ። በውጭ አገር የሚኖሩ የልጅነት ጓደኞች ካሏችሁ እነርሱንም በደብዳቤም ሆነ በስልክ ጠይቁ፤ ከአገር የራቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ከቀረው ይልቅ ጥቃቅኑን ነገር ያስታውሳልና። የሰማችሁትን ከነተናጋሪው አነጋገር ጻፉት፤ ቀኑንና ሰፈሩን አትርሱ። ሁለት ሰዎች አንዱን ጨዋታ በተለያየ መንገድ ቢነግሯችሁ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አትጣሉ፤ ሁለቱንም መዝግቡ፤ ክርክሩ ራሱ የታሪኩ ክፍል ነውና።