የእኛ እንቁራሪቶች፣ የሌላው ላቦራቶሪ

ግንቦት 1 ማታ ልደታ ማርያም አካባቢ ያደገ ሰው የሚያስታውሰው ንፍሮውን ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ ደጅ ላይ ይቀቅላል፣ ሕፃናት በእሳቱ ዙሪያ ይሯሯጣሉ፣ እናቶች ይመርቃሉ። እኔ ግን ከንፍሮው እኩል አንድ ድምፅ አስታውሳለሁ፤ ከቦዩ በኩል የሚመጣ የእንቁራሪት ጩኸት። አንዲት እማማ «ዝናቡ ደርሷል ማለት ነው» ይሉን ነበር። እኛ ደግሞ ድንጋይ እንወረውርባቸው ነበር። ጓጉንቸር በሰንበት ትምህርት ቤት የምናውቀው የፈርዖን መቅሠፍት ሆኖ ነውና ማንም አልከለከለንም። ዛሬ እዚያ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፣ ባቡሩም ያልፋል። ድምፁ የለም።

ዛሬ ስለ እንቁራሪት ልጽፍ ነው። የፖለቲካ ወሬ የጠበቃችሁ ታገሡኝ፣ መጨረሻው አዋጅና ፍርድ ቤት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ኬፕታውን ነው። እንግሊዛዊው ላንስሎት ሆግበን በ1927 ሊያስተምር ወደዚያ ሄደ። በአካባቢው ኩሬዎች ምላስ የሌላት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከውኃ የማትወጣ፣ በኋላ እግሮቿ ጣቶች ላይ ጥቋቁር ጥፍሮች ያሏት እንቁራሪት ሞልታ ነበር። ሆግበን ከበሬ ፒቱታሪ ዕጢ የተቀመመ ፈሳሽ ሲወጋት እንቁላል ጣለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች የነፍሰ ጡር ሴት ሽንትም ይህንኑ እንደሚያደርግ አረጋገጡ። ማታ ትወጋለህ፣ ጠዋት ውኃው ውስጥ እንቁላል ካየህ ሴትየዋ አርግዛለች። ከዚያ በፊት የነበረው ምርመራ አይጦችን አርዶ እንቁልጢያቸውን ማየትን ይጠይቅ ነበር። እንቁራሪቷ ግን አትሞትም፤ ካረፈች በኋላ ለሌላ ሴት ታገለግላለች። በዚህ ምክንያት እስከ 1960ዎቹ ድረስ ባለጥፍር እንቁራሪቶች ከአፍሪካ ወደ ዓለም ሆስፒታሎች በብዛት ተጫኑ።

ምርመራው በኪት ሲተካ እንቁራሪቶቹ ላቦራቶሪ ውስጥ ቀሩ። የሥነ ሕይወት ሰዎችም የሚፈልጉትን አገኙ። የአይጥ ፅንስ ማህፀን ውስጥ ተደብቋል፣ የዶሮው ዛጎል ውስጥ ነው። የእንቁራሪት እንቁላል ግን ደጅ ላይ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በዓይን ይታያል፣ በአንድ ጊዜ በመቶና በሺህ ይመጣል፣ በሁለትና ሦስት ቀን ጭራ ያላት ትንሽ ፍጡር ሆኖ ይፈለፈላል። አንዱ ሕዋስ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሲሆን ቁጭ ብለህ ታያለህ።

በ1962 ኦክስፎርድ ውስጥ ጆን ጉርደን ከአንዲት ታዳጊ እንቁራሪት አንጀት የአንድ ሕዋስ ኒውክለስ አውጥቶ፣ የራሱ ኒውክለስ ከጠፋበት እንቁላል ውስጥ ከተተው። እንቁላሉም አደገ። አንጀት ለመሆን የተወሰነ ሕዋስ ሙሉ እንስሳ የመሥራት መመሪያውን አልጣለም ማለት ነው። ጉርደን ለዚህ ሥራ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በ2012፣ ከ50 ዓመት በኋላ ነው። (ልጅ ሳለ መምህሩ ሳይንቲስት የመሆን ሐሳቡን እንደ ቂልነት ቆጥረውበት ነበር።) በ1992 ደግሞ ጠፈርተኛዋ ሜ ጄሚሰን ይህችኑ እንቁራሪት ህዋ ላይ እንቁላል አስጥላ ፅንሱ ያለ ስበት እንዴት እንደሚያድግ አጥንታለች።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ደቡብ አፍሪካ ነው። የኛስ?

የዚህች እንቁራሪት ዘመዶች እኛ ጋም አሉ። ጣሊያናዊው ፔራካ በ1898 ከኤርትራ የመጣችውን ክሊቪ ብሎ ሰየማት፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ትኖራለች። ሌላዋ በሲዳሞ ደጋ የምትገኘው ላርጌኒ ናት፤ በ1995 ተመዘገበች። ስሟ የመጣው በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩት ከማልኮም ላርገን ነው። ሁለቱም እንደ ደቡብ አፍሪካዋ 36 ክሮሞዞም አላቸው። የምዕራብ አፍሪካዋ ትንሿ ዘመዳቸው ግን 20 ብቻ። በጥንት ዘመን ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው የሁለቱም ቅርስ ሳይጣል አንድ ላይ ስለቀረ ነው። ለዘረመል ተመራማሪ ይህ ራስ ምታት ነው፤ አንዱን ዘረመል ስታጠፋ መንትያው ሥራውን ይቀጥላል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የባሌው ጉርጥ ነው። በ1978 የተመዘገበ ሲሆን ስሙ ማልኮሚ ነው። የጉርጥ ወግ ሴቷ ውኃ ውስጥ እንቁላሏን ስትጥል ወንዱ ከውጭ ማዳበሉ ነው። ይህኛው ግን ፅንሱን የሚጀምረው በሴቷ ሆድ ውስጥ ነው። እንቁላሎቹ ጥቂትና ትልልቅ ናቸው፤ የሚጣሉትም እርጥብ መሬት ላይ ነው። ልጆቹ ሳይዋኙ ያድጋሉ። የቅርብ ዘመዱ የኦስጉድ ጉርጥ፣ እሱም የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሆነው፣ እንደ ወጉ ውኃ ውስጥ ብዙ እንቁላል ይጥላል። አስቡት፤ እንስሳት ከውኃ ወደ የብስ እንዴት ወጡ የሚለው ጥያቄ አንድ ተራራማ አገር ውስጥ፣ በሁለት ዘመዳሞች ጀርባ ላይ ተጽፏል። የትኛውም የላቦራቶሪ እንቁራሪት ይህን አያሳይህም።

የኦስጉድ ጉርጥ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ተፈልጎ አልተገኘም። በ2013 የወጣ ጥናት ደግሞ በባሌ ተራሮች ብቻ የሚኖሩ የእንቁራሪት ዝርያዎች ክፉኛ መመናመናቸውን አሳይቷል። የሐረና ጫካ ይመነጠራል፣ ከብት ረግረጉን ይረግጣል። እዚያ የሚኖረውን ገበሬ ልወቅስ አልችልም፤ ማገዶና ግጦሽ አማራጭ የለውም። እንቁራሪቶችን የሚፈጀው የቆዳ ፈንገስም ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኝቷል። ፈንገሱን ለዓለም ያዳረሰው ያ የእርግዝና ምርመራ ንግድ ነው ተብሎ አፍሪካ ስትወቀስ ኖራለች። በ2018 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን መነሻውን ምሥራቅ እስያ አደረገው። ይህኛው ዜና ግን ያን ያህል አልተራገበም።

አሁን ወደ አዋጁ። በ2022 የወጣ ጥናት በባሌ ሮቤ ስም የተጠራችውን የሣር እንቁራሪት መርምሮ፣ ጀርባዋ ላይ ያለው መስመር ከአንድ ዘረመል ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። ያው ዘረመል አጥቢ እንስሳት ላይ የጠጉር ቀለም ይወስናል። ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ዋናው ምርምር የተመራው ግን አቡ ዳቢ ካለ ዩኒቨርሲቲ ነው። አዋጅ ቁጥር 482/2006 ናሙና ይዞ ለመውጣት ፈቃድ ይጠይቃል። ጥሩ ነው። የተነበበው የዘረመል ፊደል ግን እንደተለመደው በኢንተርኔት ክፍት ይቀመጣል፤ ከየትም አገር ያለ ማንም ያወርደዋል። ድንበር ላይ የሚፈተሽ ብልቃጥ የለም። በ2024 ካሊ፣ ኮሎምቢያ ላይ በዚህ መረጃ የሚጠቀሙ ድርጅቶች ገንዘብ የሚያዋጡበት ፈንድ እንዲቋቋም አገሮች ተስማምተዋል፤ መዋጮው ግን በፈቃደኝነት ነው። ጤፋችን ላይ የሆነውን የምናስታውስ ሰዎች ፈቃደኝነት ምን እንደሆነ እናውቃለን። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ያንን ፓተንት ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ ስንት ዓመት ጠበቅን?

ሆኖም «ሰረቁን» ብሎ መጮህ ይቀለናል፤ እኔ አልስማማም። ላርገን አልሰረቀም፣ አስተማረ። የጎደለው ወዲህ ነው። ከልደታ ብዙም በማይርቀው ሰፈረ ሰላም የአክሊሉ ለማ ተቋም አለ። አክሊሉ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ጥያቄው ከዚያ ተነሣ፣ ምርምሩም እዚሁ አገር ቤት ተጀመረ። ለባሌው ጉርጥ እንዲህ ያለ ክፍል፣ ማይክሮስኮፕና የደመወዝ መደብ መስጠት ከአንድ ሆቴል ስብሰባ ያነሰ ወጪ ይመስለኛል። ጉርጡ ግን በጀት ዓመቱን አይጠብቅም።

ከአንባቢዎቼ መካከል ከጎባ፣ ከዶሎ መና ወይም ከሲዳማ ደጋ የመጣችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እነዚህን እንስሳት ቤተሰቦቻችሁ በምን ስም ይጠሯቸዋል? መቼስ ነው የሚጮኹት? በኦሮምኛም በሲዳምኛም ይሁን፣ ጻፉልኝ። በመጽሐፍ ያገኘሁት የላቲን ስማቸውን ብቻ ነው።