የርግቦች ቤት፤ የሕፃናት ጂምናስቲክ ከሰልፍ ወደ ምናብ የተሻገረበት ታሪክ

የፕሩሲያ መንግሥት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሁለት የማሠልጠኛ ሥፍራዎችን በትእዛዝ ዘግቷል፤ መጀመሪያ በ1820 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ፍሪድሪኽ ሉድቪኽ ያን በበርሊን አጠገብ በሃዘንሃይደ ያቋቋመውን የወጣቶች ጂምናስቲክ ሜዳ፣ ኋላም በ1851 ፍሪድሪኽ ፍሮብል የጀመረውን መዋዕለ ሕፃናት። የፊተኛው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ያን ወጣቶቹን በአግድም ዘንግና በትይዩ እንጨቶች ላይ ያሠለጥን የነበረው የናፖሊዮንን ጦር ከአገሩ ለማስወጣት ነበርና፣ ጦርነቱ ሲያልፍ ያው ጉልበት በዙፋኑ ላይ እንዳይነሣ ተፈራ። ኋለኛው ግን፣ ሕፃናት እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚዘምሩበት ቤት፣ ሃይማኖትን የመካድ ክስ ቀረበበት፤ ፍሮብልም የእገዳውን መነሣት ሳያይ በ1852 ዐረፈ፤ እገዳው የተነሣው በ1860 ነው።

ከያንና ከፍሮብል ሥራ አስቀድሞ ጀርመናዊው መምህር ጉትስሙትስ በ1793 በቱሪንጊያ ምድር በሽኔፕፈንታል ትምህርት ቤት ሳለ ያሳተመው መጽሐፍ ሩጫንና ዝላይን ለጤናና ለደስታ ሲል ያስተምር ነበር። ይሁን እንጂ ፔር ሄንሪክ ሊንግ በ1813 በስቶክሆልም ካቋቋመው ተቋም የወጣው ልማድና አዶልፍ ሽፒስ በጀርመን ትምህርት ቤቶች የዘረጋው ሥርዓት ልጁን እንደ ወታደር በሰልፍ አቁመው፣ በመምህሩ ቃል እጁን እንዲዘረጋ፣ ጉልበቱን እንዲያጥፍ፣ እንደገናም ቀጥ ብሎ እንዲቆም አደረጉት፤ አካሉ ሲታዘዝ ልቡናው ሥራ ፈትቶ ይቆማል።

የሕፃናት ጂምናስቲክ እውነተኛ ምንጭ እኔ እንደማምነው ሌላ ነው። ፍሮብል በ1782 በዚያው በቱሪንጊያ ተወልዶ፣ ገና በጨቅላነቱ እናቱን አጥቶ ያደገ ሰው ነበር፤ በ1837 በብላንከንቡርግ ከተማ ሥራውን ሲጀምርና በ1844 የእናቶችን የጨዋታ መዝሙር መጽሐፍ ሲያሳትም፣ የጂምናስቲክ መምህር ነኝ ብሎ አልተነሣም። ነገር ግን ከጨዋታዎቹ አንዱን፣ የርግቦችን ቤት፣ እንመልከት፦ ልጆች ክብ ሠርተው ቤት ይሆናሉ፤ በመካከል ያሉት ርግቦች ናቸው፤ የክቡ እጆች ሲነሡ በሩ ተከፍቶ ርግቦቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደ ሜዳ ይበርራሉ፤ ሲመሽም ተመልሰው ይገባሉ፤ በሩም ይዘጋል። በዚህ አጭር ተውኔት ውስጥ ትከሻ እስከ መጨረሻው ይነሣል፣ ደረት ይከፈታል፣ እግር በጣቱ ጫፍ ይሮጣል፣ ልጁም ከባልንጀራው ጋር ሳይጋጭ ሥፍራውን ማወቅን ይማራል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ግን ርግብ ስለ ሆነ እንጂ ስለ ታዘዘ አይደለም።

ይህ ምሥጢር ወደ ጂምናስቲክ አዳራሽ እስኪገባ ድረስ ብዙ ዘመን አለፈ። በሃያኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ የስቶክሆልም ሕዝባዊ ትምህርት ቤቶችን ጂምናስቲክ የመራችው ኤሊን ፋልክ፣ ትንንሽ ልጆች ቀጥ ብላችሁ ቁሙ ሲባሉ ወገባቸው ወደ ፊት እንደሚጎብጥ አስተውላ፣ የሊንግን የቆመ ልምምድ በመሬት ላይ በመቀመጥና በመተኛት ለወጠችው፤ ለሕፃናቱም ልምምዱን በጨዋታ መልክ ሰጠች። የሊንግ ደቀ መዛሙርት አጥብቀው ተቃወሟት፤ እኔ ግን ከእርሷ ጋር እቆማለሁ። በቪየናም ካርል ጋውልሆፈርና ማርጋሬተ ሽትራይኸር በ1922 ባወጡት የትምህርት ቤት ጂምናስቲክ መመሪያ የሽፒስን ሰው ሠራሽ እንቅስቃሴ ትተው ልጁ በባሕርዩ የሚሠራውን መሮጥ፣ መውጣት፣ መዳህ መነሻ አደረጉ።

የምናብ ኃይል ዛሬም ይታያል፤ በጀርመን አገር አንድ ልጅ በትከሻው ተደግፎ እግሮቹን ወደ ላይ ሲያቀና «ሻማ» ይሉታል፤ ልጁም ሻማ እንዲሆን ቢነገረው፣ ጀርባህን አቅና፣ ጉልበትህን አጥብቅ፣ የእግርህን ጣት ዘርጋ የሚሉትን ሦስት ትእዛዛት በአንድ ጊዜ ይፈጽማል።

እንግዲህ የአራትና የአምስት ዓመት ሕፃናትን የምታሠለጥኑ መምህራን ሆይ፣ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ ልጆቹን በሰልፍ አቁማችሁ ቁጥር አትጥሩባቸው፤ ለእያንዳንዱ ልምምድ ልጁ በዐይኑ ያየውን እንስሳ ወይም በቤቱ የሚያውቀውን ሥራ ፈልጉለት፤ የትኛው ጡንቻ እንደሚጠነክርና የትኛው መገጣጠሚያ እንደሚላላ ግን እናንተ ጠንቅቃችሁ እወቁ።