የጉዞ ሰነድ ምርጫ እና የመንግሥት ጥበቃ

ለጉዞ የሚሰናዳ ሰው ስለ ሰነዱ አስቀድሞ የሚያጣራው ቪዛ ይጠየቅበት እንደሆነ ነው። በየዓመቱ የፓስፖርቶችን ደረጃ የሚያወጡ ሠንጠረዦችም ሚዛናቸው ይኸው ነው፤ ያለ ቪዛ ስንት አገር ያስገባል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መቅደም ያለበት ግን አይመስለኝም። የጉዞ ሰነድ የያዡን ስምና መልክ ከማስረዳት አልፎ፣ በባዕድ ምድር ችግር ቢደርስበት የትኛው መንግሥት እንደሚቆምለት፣ ውጣ ቢባልም ማን መልሶ እንደሚቀበለው ይናገራል። ያዡ ለማን ግዴታ እንደገባም ይመሰክራል። ትክክለኛውን ሰነድ መምረጥ ማለት ከሁሉ በፊት ይህን ምስክርነት መመርመር ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ሰነድ ያዡን ምን ያህል ሊያስር እንደሚችል በዊሊያም ጆይስ ላይ የተሰጠው ፍርድ ያሳያል። ጆይስ ኒው ዮርክ ውስጥ የተወለደ አሜሪካዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 ግን አየርላንድ ውስጥ ጎልዌይ እንደተወለደ በሐሰት አመልክቶ የብሪታንያ ፓስፖርት አወጣ፤ ኋላም ጀርመን ገብቶ ለናዚዎች በሬዲዮ ፕሮፓጋንዳ አሰራጨ። ጦርነቱ ሲያበቃ ለንደን ላይ በአገር ክህደት ተከሰሰ። ጠበቆቹ የብሪታንያ ዜጋ ያልሆነ ሰው ብሪታንያን ሊከዳ አይችልም ብለው ተሟገቱለት። ጉዳዩን በመጨረሻ ያየው የጌቶች ምክር ቤት ግን ፓስፖርቱን ይዞ የብሪታንያን ጥበቃ የተከለለ ሰው የታማኝነት ዕዳም አለበት ሲል ወሰነ፤ ጆይስ በ1946 መጀመሪያ ላይ በስቅላት ተቀጣ። በሐሰት የተገኘ ፓስፖርት የሞት ፍርድ መሠረት መሆኑን ብዙ የሕግ ሊቃውንት ነቅፈዋል፤ ነቀፋቸውን እጋራለሁ። የፍርዱ መነሻ የሆነው ሐሳብ፣ ማለትም ጥበቃና ግዴታ በአንድ ሰነድ ውስጥ ተሳስረው እንደሚመጡ፣ ዛሬም ይሠራል።

ይህ ትስስር በውጭ ለሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቅርብ ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ደግሞ ለእንዲህ ያለው ሰው በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የሚባለውን መታወቂያ ፈቀደለት፤ ያዡ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይቀመጣል፣ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ ሰው ጊዜው ያላለፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርት በእጁ ቢቀር በእሱ መግባት ይቀለው ይሆናል። ሆኖም በዚያች ቅጽበት ራሱን በኢትዮጵያ ዜግነት አቅርቧል። ቢታሰር፣ እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት በአንቀጽ 36 የሚፈቅደው የቆንስል ጉብኝት ራሱ የክርክር ርዕስ ሊሆን ይችላል፤ አንቀጹ የሚናገረው ስለ ላኪው አገር ዜጎች ነውና፣ ያሳየው ሰነድ ሌላ ነገር መስክሮበታል። የአሜሪካ ፓስፖርቱን ከቢጫ ካርዱ ጋር የያዘ ተጓዥ ግን ሕጉ የሚያውቀውን እውነተኛ ማንነቱን አቅርቧል፤ የትውልድ አገሩ መብቱን ይሰጠዋል፣ የዜግነት አገሩም ሊቆምለት ይችላል።

ጉዳዩ እጅግ የሚከብደው በስደተኛው ላይ ነው። ፍሪድቾፍ ናንሰን የመንግሥታቱ ማኅበር የስደተኞች ኮሚሽነር ሳለ በ1922 በስሙ የተጠራው ፓስፖርት ሲፈጠር፣ ሰነዱ ወደ ሰጪው አገር የመመለስ መብት አላስገኘም ነበር፤ መመለሻ የሌለውን እንግዳ ደግሞ ማንም አገር በደስታ አያስገባም። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ከዚህ ተምሯል። አንቀጽ 28 እና አባሪው ስምምነቱን የተቀበሉ አገሮች የጉዞ ሰነድ እንዲሰጡ፣ የሰነዱ ጊዜ እስካላለፈ ድረስም ያዡን መልሰው እንዲቀበሉ ያስገድዳሉ። ያው አባሪ ግን ሰነዱ በራሱ የሰጪውን አገር የኤምባሲ ጥበቃ እንደማያስገኝ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ ስደተኛው መመለሻ አለው፣ ተሟጋች ግን የለውም። ይህ ጉድለት ነው ወደ ቀድሞው ፓስፖርት የሚገፋው፤ ኤምባሲ ሄዶ ማሳደስ አቋራጭ ይመስላል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የ1979 መመሪያ መጽሐፍ ግን የአገሩን ፓስፖርት አመልክቶ ያወጣ ወይም ያሳደሰ ስደተኛ፣ ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በቀር፣ ወደ አገሩ ጥበቃ ለመመለስ እንደፈለገ እንደሚገመት ይገልጻል። ለአንድ ሠርግ ወይም ለአንድ ለቅሶ ሲባል የታደሰ ፓስፖርት የጥገኝነትን መሠረት ሊንድ ይችላል ማለት ነው።

የድንበር መኮንን ፎቶውን፣ የአገልግሎት ጊዜውንና ቪዛውን አይቶ ማህተም ይመታል እንጂ ስለ ታማኝነትና ስለ ጥበቃ አይጠይቅም የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ የሚገልጸው ጉዞው በሰላም ያለፈበትን ቀን ብቻ ነው። የሰነዱ ሕጋዊ ይዘት የሚፈተነው መታሰር፣ መባረር፣ ሕመም ወይም ሞት ሲመጣ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሰነድ መለወጥ አይቻልም።

ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ ምርጫ የሚባለው ነገር ለብዙዎች የለም የሚለው ነው። አሠሪዋ ፓስፖርቷን የነጠቃት የቤት ሠራተኛ ከቆንስላ በሚሰጣት ሊሴ ፓሴ በሚባል የይለፍ ወረቀት ወደ አገሯ ከመመለስ በቀር ምን ትመርጣለች? ይህን ተቃውሞ እቀበላለሁ፤ ግን ሸክሙን ከተጓዡ ወደ መንግሥታት ያሸጋግረዋል እንጂ መከራከሪያዬን አያፈርሰውም። ለምሳሌ የጀርመን ባለሥልጣናት ሙሉ የስደተኛ ዕውቅና ሳይሆን ዝቅ ያለ ጥበቃ የተሰጣቸውን ኤርትራውያን ከኤምባሲያቸው ፓስፖርት እንዲያወጡ ይጠይቁ ነበር፤ ኤምባሲው ደግሞ ብሔራዊ አገልግሎትን ባለመፈጸም ጥፋት መሥራትን የሚያምን የጸጸት መግለጫ ያስፈርም ነበር። የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በጥቅምት 2022 አንድን ሰው ያለ ፈቃዱ እንዲህ ያለ መግለጫ እንዲፈርም ማስገደድ አይገባም ብሎ ወሰነ። ፍርድ ቤቱ ፓስፖርት ማውጣትን ከተራ የቢሮ ጉዳይ ለይቶ፣ ለመንግሥት ቃል መስጠትን ሊያስከትል እንደሚችል ማየቱ ትልቅ ነገር ነው። ፍርዱ ግን ጠባብ ነው፤ የዳኘው ያን አንድ መግለጫ ነው። ከሸሹት መንግሥት ሰነድ አምጡ የሚባሉ ሌሎች ሰዎች ሁሉ ጉዳያቸውን በየተራ ለዳኛ ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል።