የትምህርት ቤት ቦርድ ወንበር ለማን ይገባል?

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከአባቶቻችን ሰምተነዋል። ተረቱ ልምድ የጐደለው ሥራ ከፍጻሜ እንደማይደርስ ለማስተማር የተነገረ ነው። ዳሩ ግን አንዳንድ ጊዜ ልጅን ከማናቸውም ምክር ለማራቅ ስንጠቅሰው እንገኛለን። በተለይም የትምህርት ቤት አስተዳደር ነገር በተነሣ ጊዜ፣ «ተማሪ ይማር፤ መምህር ያስተምር፤ አስተዳደሩ ግን የሹማምንትና የወላጆች ነው» የሚል አስተያየት ከብዙ ሰው አፍ ይሰማል። ይህ አስተያየት ትክክል ነውን? ወይስ ውሎአቸው በትምህርት ቤቱ ግቢ የሆነው ሁለቱ ወገኖች፣ ማለት መምህሩና ተማሪው፣ ትምህርት ቤቱን በሚያስተዳድረው ቦርድ ውስጥ ወንበር ሊኖራቸው ይገባል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በሐሳብ ብቻ ከመከራከር ይልቅ ይኸው ጥያቄ ብዙ ሕይወት ያስከፈለበትን የአንድ አፍሪካዊ አገር ታሪክ መመልከቱ ይጠቅማል። አገሪቱ ደቡብ አፍሪካ ናት። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይተን ካላመለከትን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በ1948 ዓ.ም. ናሽናል ፓርቲ የተባለው የነጮች ፓርቲ የደቡብ አፍሪካን መንግሥት ከያዘ በኋላ፣ ዘርን ከዘር የሚለያየው የአፓርታይድ አገዛዝ በሕግ ላይ ሕግ እያወጣ ተደላደለ። ከነዚህም ሕጎች አንዱ በ1953 ዓ.ም. የወጣው የባንቱ ትምህርት ሕግ ነው። ከዚያ በፊት አብዛኞቹ የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች በሚሲዮኖች እጅ ነበሩ። ሕጉ ግን ትምህርቱን ከሚሲዮኖችና ከክፍለ ሀገሮቹ አስተዳደር ነጥቆ፣ ዶክተር ሄንድሪክ ፈርዉርት ይመሩት ለነበረው ለአገሬው ተወላጆች ጕዳይ ሚኒስቴር አስረከበው። የሚኒስትሩም ሐሳብ ስውር አልነበረም። ጥቁር ልጅ ከተወሰነ የጕልበት ሥራ ከፍ ያለ ስፍራ በነጮች ማኅበር ውስጥ ስለማይጠብቀው፣ ትምህርቱም ለዚያው የሚበቃ ብቻ ይሁን የሚል ነበር።

ይህ ሐሳብ ገና በጥናት ላይ ሳለ የተቃወሙት መምህራን ዋጋ ከፍለዋል። በ1952 ዓ.ም. ኤዜኪኤል ምፓሌሌ፣ ዘፋንያ ሞቶፔንግና አይዛክ ማትላሬ የተባሉ ሦስት መምህራን በጆሐንስበርግ አጠገብ ከሚገኘው ከኦርላንዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተባረሩ። ጥፋታቸው የትምህርቱ እቅድ ለሕዝባቸው ልጆች እንደማይበጅ በአደባባይ መናገራቸው ነበር።

የዛሬውን ርእሳችንን የሚነካው ክፍል እነሆ፤ ይኸው ሕግ የትምህርት ቤት ኮሚቴዎችንና ቦርዶችን አቋቁሞ ነበር። በኮሚቴዎቹ ውስጥ ከፊሎቹ አባሎች በወላጆች ሲመረጡ ሌሎቹ በሹመት ይቀመጡ ነበር። መንግሥቱም ይህን እያሳየ፣ «ጥቁር ወላጆች ከእንግዲህ በልጆቻቸው ትምህርት ላይ ቃል አላቸው» ይል ነበር። ነገር ግን የመጨረሻው ቃል የሚኒስቴሩ ነበር። መምህራን በቦርዱ አማካይነት የሚቀጠሩና የሚሰናበቱ ሆኑ እንጂ፣ የራሳቸውን ወኪል መርጠው የሚያስቀምጡበት ወንበር አልተሰጣቸውም። ሚኒስቴሩን በጋዜጣ መንቀፍም ለመምህር እንደ ጥፋት ተቈጠረ። የተማሪማ ነገር ከቶ አልታሰበም። እንግዲህ ቦርዱ ስሙ ቦርድ ይሁን እንጂ፣ በአንድ በኩል ሥልጣን የሌለው፣ በሌላ በኩል ደግሞ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን የሚያውቁት ሰዎች የሌሉበት ነበር።

የዚህ ዓይነቱ ቦርድ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ የታወቀው በ1970ዎቹ ዓመታት ነው። በ1974 ዓ.ም. የትምህርት ባለሥልጣኖች በጆሐንስበርግ አካባቢ ባሉ የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ግማሹ ትምህርት በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ በአፍሪካንስ እንዲሰጥ አዘዙ። አፍሪካንስ ከደች ቋንቋ የወጣ የገዢው ወገን ቋንቋ ነው። ሒሳብና የኅብረተሰብ ትምህርት በዚሁ ቋንቋ እንዲሆን ተወሰነ። ብዙዎቹ መምህራን ቋንቋውን ለማስተማሪያ በሚበቃ መጠን አያውቁትም፤ ተማሪዎቹም አይረዱትም። አንድ ልጅ የሒሳቡን ስሌት ከመድረሱ በፊት ከጥያቄው ቃላት ጋር ሲታገል ሰዓቱ ያልፍበታል። ይህን ችግር ከመምህሩና ከተማሪው ይልቅ ማን ሊናገረው ይችላል? ነገር ግን ከሁለቱ አንዱም አልተጠየቀም።

ለእውነት እንመስክርና፣ አንዳንድ ቦርዶች ዝም አላሉም። በሶዌቶ ውስጥ በሜዶውላንድስ የነበረው የጽዋና ትምህርት ቤቶች ቦርድ፣ በሥሩ ያሉት ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛ እንዲያስተምሩ ወሰነ። መልሱ ፈጥኖ መጣ። በ1976 ዓ.ም. መጀመሪያ ሁለት የቦርዱ አባሎች ከቦታቸው ተሻሩ፤ የቀሩትም ይህን በመቃወም ሥራቸውን ለቀቁ። በዚህም አኳኋን ቦርዱ የወላጅን ቃል ለባለሥልጣን ለማድረስ በሞከረበት በዚያው ጊዜ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ በሕጋዊ መንገድ አቤት የሚባልበት ደጅ አልቀረም።

ደጁ በተዘጋ ጊዜ ነገሩ ወደ መንገድ ወጣ። ግንቦት ወር ላይ በኦርላንዶ ዌስት የሚገኝ አንድ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከክፍል ወጡ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። ጁን 13 ቀን ከልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች የመጡ ተማሪዎች ተሰብስበው ሰላማዊ ሰልፍ ለማድረግ ተስማሙ። በሰልፉ አዘጋጅነት ስሙ የሚጠራው ሲየትሲ ማሺኒኒ የሞሪስ አይዛክሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። ጁን 16 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 9 ቀን 1968 ዓ.ም.፣ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ተማሪዎች የትምህርት ቤት ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ወደ ኦርላንዶ ስታዲዮም ጕዞ ጀመሩ። ፖሊስም ተኰሰ። ገና ልጅ የነበረው ሄክተር ፒተርሰን በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ፣ አንድ ወጣት ታቅፎት ሲሮጥ፣ እኅቱም በጐኑ ስታለቅስ ሳም ንዚማ ያነሣው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። ብጥብጡ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። መንግሥቱ ራሱ ያቋቋመው የምርመራ ኮሚሲዮን እስከሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ድረስ የሞቱትን 575 ብሎ ቈጠራቸው።

እጅግ የሚያሳዝነው፣ የአፍሪካንሱ ትእዛዝ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ውስጥ መነሣቱ ነው። በስብሰባ አዳራሽ በአንድ ቃለ ጉባኤ ሊፈጸም ይችል የነበረው ጕዳይ ያ ሁሉ ሕይወት ከጠፋ በኋላ ተፈጸመ።

ከዚህ በኋላ ተማሪዎቹ የሚሰማቸው ባያገኙ የራሳቸውን ምክር ቤት መሠረቱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የሶዌቶ ተማሪዎች ወኪሎች ምክር ቤት ተቋቋመ፤ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ግን ታገደ። በ1979 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ተማሪዎች ኮንግሬስ ተመሠረተ፤ እርሱም በ1985 ዓ.ም. ታገደ። ከጥያቄዎቹ ውስጥ በነጻ የተመረጠ የተማሪዎች ምክር ቤት በየትምህርት ቤቱ እንዲቋቋምና የዱላ ቅጣት እንዲቀር የሚሉት ዋነኞቹ ነበሩ።

ዳሩ ግን ትግሉ ሌላ አደጋ አመጣ። በ1980ዎቹ ዓመታት መካከል ብዙ ተማሪዎች «አስቀድሞ ነጻነት፤ ትምህርቱ በኋላ ይደርሳል» እያሉ ክፍሉን ጨርሰው ተዉት። ወላጆች ልጆቻቸው ሳይማሩ እንዳይቀሩ ፈሩ፤ መምህራንም በመንግሥቱና በተማሪው መካከል ተጨነቁ። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. የሶዌቶ ወላጆች ኮሚቴ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ታላቅ ጉባኤ ጠራ። ከጉባኤውም ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት እንዲመለሱ፣ ትምህርቱም ለሕዝቡ የሚሆን ትምህርት ሆኖ እንዲለወጥ የሚጠይቅ ምክር ወጣ። በየትምህርት ቤቱም ወላጅ፣ መምህርና ተማሪ በአንድነት የሚቀመጡበት ማኅበር እንዲቋቋም ተወሰነ። ሦስቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው ከመካሰስ ወደ መመካከር የተሻገሩት በዚህ ማኅበር ነው። የኋላው ሕግ መሠረቱም ይኸው ነው።

በ1994 ዓ.ም. የአፓርታይድ አገዛዝ በምርጫ ካከተመ በኋላ፣ አዲሱ መንግሥት በ1996 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ትምህርት ቤቶች ሕግ የተባለውን ቍጥር 84 አወጣ። ሕጉ ለእያንዳንዱ የሕዝብ ትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ቦርድ እንዲኖረው ያዛል። በቦርዱ ውስጥ የወላጆች፣ የመምህራን፣ የሌሎች ሠራተኞች፣ ከ8ኛ ክፍል ወዲያ ደግሞ የተማሪዎች ወኪሎች በምርጫ ይገባሉ፤ ርእሰ መምህሩም በሥልጣኑ አባል ነው። ሕጉ ሚዛን ጠብቋል፤ የወላጆች ቍጥር ከሌሎቹ ድምፅ ሰጪዎች ድምር በአንድ ይበልጣል። ለምሳሌ ርእሰ መምህሩ አንድ፣ መምህራን 3፣ ሠራተኛ 1፣ ተማሪዎች 3 ቢሆኑ ድምሩ 8 ነውና ወላጆች 9 ይሆናሉ። ሊቀ መንበሩም ከወላጆች ወገን ይመረጣል። ተማሪ ወኪል የሚያገለግለው ከአንድ ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ሲሆን፣ ዕድሜው ለአካለ መጠን ካልደረሰ ትምህርት ቤቱን በገንዘብ ዕዳ በሚያስገባ ውሳኔ ላይ ድምፅ አይሰጥም፤ ውልም አይፈርምም።

ልብ በሉ፤ ይህ ሕግ «ልጅ ያቦካው» የሚለውን የአባቶች ሥጋት አልናቀውም። የገንዘቡን ኀላፊነት ከልጅ ትከሻ አውርዶ ለአዋቂዎች ሰጥቷል። ነገር ግን ልጁን ከገበታው አላስነሣውም። የተማሪዎች የጠባይ ደንብ ሲወጣ ተማሪዎች፣ ወላጆችና መምህራን እንዲመከሩበት አዟል። የዱላ ቅጣትንም ከልክሏል። ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው ግን፣ ትምህርት ቤቱ የሚያስተምርበትን ቋንቋ የመወሰንን ሥልጣን ለዚሁ ቦርድ መስጠቱ ነው። ከ20 ዓመት በፊት የሜዶውላንድስን ቦርድ ያፈረሰው ጕዳይ፣ መምህርና ተማሪ በተቀመጡበት ቦርድ እጅ ገባ።

ታሪኩ ግን በዚህ አልተፈጸመም። ቦርድም እንደ ሹም ሁሉ ሥልጣኑን ለራሱ ወገን ብቻ ሊያውለው ይችላል። ኤርሜሎ በተባለች ከተማ በአፍሪካንስ ብቻ የሚያስተምር አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በእንግሊዝኛ ለመማር የፈለጉ ጥቁር ልጆች ቦታ በጠየቁ ጊዜ ቦርዱ የቋንቋ ደንቡን አልለውጥም አለ። ጕዳዩ እስከ ሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2009 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ የትምህርት ባለሥልጣኑ የቦርዱን ሥልጣን የወሰደበት መንገድ ሕጋዊ እንዳልነበረ ገለጠ። ቦርዱም በበኩሉ የአካባቢውን ሕዝብ ሁሉ ፍላጎት አስቦ ደንቡን እንደገና እንዲመረምር አዘዘ። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ በፈረሙት የማሻሻያ ሕግ በቋንቋና በተማሪ ቅበላ ረገድ የቦርዱ ውሳኔ በክፍለ ሀገሩ የትምህርት ኀላፊ እንዲጸድቅ ተደረገ፤ ይህም በአገሪቱ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ከፊሉ «ሥልጣን ከሕዝብ ተወሰደ» ሲል፣ ከፊሉ «ልጆች በቋንቋ ምክንያት ከበር እንዳይመለሱ ነው» ይላል።

አድማጮቻችን፤ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሥልጣን የሌለው ቦርድ ጌጥ ነው፤ ጌጥም በችግር ቀን አያድንም። ሁለተኛ፣ የክፍሉን ኑሮ የሚያውቁት መምህርና ተማሪ የሌሉበት ቦርድ ቅሬታውን የሚሰማው መንገድ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ሦስተኛ፣ ወንበር የተሰጠው ወኪል፣ ወላጅም ይሁን መምህር ወይም ተማሪ፣ የመረጡትን ሰዎች ጠይቆ ካልመጣና የተወሰነውን መልሶ ካልነገራቸው፣ ወንበሩ የእርሱ እንጂ የእነርሱ አይደለም።

በአገራችን ትምህርት ቤቶችም የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት አለ። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ከመሥሪያ ቤት ወጥታችሁ ወደነዚህ ስብሰባዎች የምትጠሩ ወላጆች ናችሁ። የስብሰባው ጥሪ በደረሰ ጊዜ በሥራ ብዛት ማመካኘት ቀላል ነው። ከደረስንም በኋላ ርእሰ መምህሩ ያነበበውን ሰምቶ፣ እጅ አውጥቶ፣ ፈርሞ መመለስ የተለመደ ነው። በማዕዘን የተቀመጠውን ተማሪ «አንተስ ምን ትላለህ? ጓደኞችህስ ምን አሉ?» ብለን የጠየቅነው ስንት ጊዜ ነው? መምህሩስ በአለቃው ፊት የሚያስበውን እንዲናገር የረዳነው መቼ ነው?

ልጅ ብቻውን ያቦካው ለእራት ላይበቃ ይችላል። ነገር ግን ልጁ የሚበላው እንጀራ ነውና፣ መጐምዘዙን ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው። የሜዶውላንድስ ሁለት የቦርድ አባሎች ተሰምተው ቢሆን፣ የሶዌቶ ልጆችም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተጠይቀው ቢሆን፣ ሰኔ 9 ቀን እንደ ሌላው ቀን ሁሉ የትምህርት ቀን ሆኖ ባለፈ ነበር።

ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።