መምህራችን አቶ ዮና ቦጋለ

አቶ ዮና ቦጋለ እ.ኤ.አ. በ1908 በጎንደር አጠገብ በወለቃ ተወለዱ። በልጅነታቸው ዶክተር ፋይትሎቪች ወደ ኢየሩሳሌም ወሰዷቸው፤ ኋላም በአውሮፓ ተማሩ። ያን ያህል የተማረ ሰው በውጭ አገር ቢቀር ማን ይወቅሰው ነበር? እሳቸው ግን ተመልሰው፣ ታምራት አማኑኤል ይመሩት በነበረው የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በትምህርት ሚኒስቴር ቢሠሩም፣ በ1950ዎቹ ያን ትተው በየመንደራችን ትምህርት ቤት እንዲከፈት ደከሙ።

በ1955 እና በ1956 ወጣቶቻችን ወደ ክፋር ባትያ ሄደው ተማሩ። ከእነርሱም ተመልሰው በየመንደሩ ያስተማሩ አሉ፤ ዛሬ አያት የሆኑት አንዳንዶቻችን አሌፍ ቤትን የቆጠርነው በእነርሱ እጅ ነው።

አቶ ዮና የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ እንዲሁም በዓላቱን የሚያመለክት የቀን መቁጠሪያ አዘጋጅተውልናል። በ1979 እስራኤል ገብተው በ1987 አረፉ፤ የ1991ን ታላቅ ጉዞ አላዩም። መዝገበ ቃላቱን ያኔ ለዕብራይስጡ ስንል እንገልጠው ነበር። አሁን የልጅ ልጆቻችን ይዘውት ይመጡና፣ አያታቸው የተናገሩትን የአማርኛ ቃል ይፈልጉበታል።