የቤት ኪራይ ክርክርና ዳኞቹ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መሬቱ በየሰፈሩ ለመኳንንቱ ተደለደለ። ብዙው ነዋሪ ጌታውን ተከትሎ የመጣ ስለነበር በጌታው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል፤ የሚከፍለውም ገንዘብ ሳይሆን አገልግሎት ነበር። ጠብ ሲነሣ ዳኛው ያው የሰፈሩ ጌታ ነው። ባለመሬቱን የሚከስ ሰው አቤቱታውን ይዞ የሚቆመው እዚያው ባለመሬቱ ደጅ በመሆኑ፣ የዚያን ዘመን ክርክር በአብዛኛው ሽማግሌ ጨረሰው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የከተማ ቦታን በግል መያዝና መሸጥ በሕግ ከተፈቀደ በኋላ ኪራይ ቀስ በቀስ ሥር ሰደደ። ከነፃነት በኋላ በ1940 ዓ.ም. የተቋቋሙት የአጥቢያ ዳኞች እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር እንዲያዩ ተፈቀደላቸው። ሥልጣኑ ትንሽ ቢመስልም የአንዲት ክፍል ወርኃዊ ኪራይ በዚያ ውስጥ ያልቅ ነበር። ይሁን እንጂ የአጥቢያ ዳኛው ራሱ የአካባቢው ባለርስት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ሕጉ መልክ የያዘው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ ነው። ከቁጥር 2945 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ለቤት ኪራይ የተለዩ ናቸው። በዚህ ሕግ ኪራይ ያዘገየ ተከራይ ወዲያው ከቤት አይወጣም ነበር፤ አከራዩ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባ ነበር። ውሉ የአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ 30 ቀን፣ ካነሰ 15 ቀን እፎይታ ያገኝ ነበር። የውሉ ዘመን ካለቀ በኋላ ተከራዩ እዚያው ቢቀመጥና አከራዩ እያየ ዝም ቢል ደግሞ ጊዜው ያልተወሰነ አዲስ ኪራይ እንደተዋዋሉ ይቆጠር ነበር። በእነዚህ ቁጥሮች ምክንያት የችሎቱ ጥያቄ ከኪራዩ መጠን ወደ ማስጠንቀቂያው ዞረ፤ ተሰጠ ወይስ አልተሰጠም? በጽሑፍ ነው ወይስ በአፍ? አብዛኛው ሰው በቃል ተስማምቶ ቤት ይገባ ስለነበር ደረሰኝና ምስክር የክርክሩ ዋና መሣሪያ ሆኑ። ማንበብ የማይችል ተከራይ በዚህ በኩል ተጎጂ እንደነበር አያጠራጥርም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሁሉ ከሥሩ ነቀለው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተተወለት። ቤት አከራይቶ መኖር ተከለከለ፤ ከዚያ ሌላ ገቢ ያልነበረው የቀድሞ ባለቤት በየወሩ መጠነኛ ድጎማ እንዲያገኝ ተወሰነ። እስከ 300 ብር የሚደርሰው ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ሲሰጡ ከዚያ በላይ ያሉት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። ክርክሩም ከመደበኛ ፍርድ ቤት ወጥቶ ነዋሪው ራሱ ወደሚመርጠው የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ተዛወረ። ጎረቤት ጎረቤቱን ይዳኝ ጀመር፤ ይህም አቤቱታውን ርካሽና ቅርብ አደረገው። ነገር ግን አከራዩም ቀበሌ፣ ሸንጎውም የቀበሌ ነበር። የሙግቱም ዓይነት ተለወጠ፤ ደባል ሆነው አንድ ጣሪያ ሥር የገቡ ቤተሰቦች በወጥ ቤትና በመጸዳጃ ይጣላሉ፤ ስሙ በውሉ የሰፈረው ሰው ሲሞት ልጆቹና ቀበሌው ይካሰሳሉ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በግል ማከራየት በይፋ ሲመለስ፣ በአዋጅ 47 መሠረት የተወረሱት ቤቶች ግን የመንግሥት እንደሆኑ ቀሩ። የመመለስ ዕድል የተከፈተው ከአዋጁ ውጪ ያላግባብ ለተወሰዱት ብቻ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 110ም ይህን ጉዳይ እንዲመረምር ለፕራይቬታይዜሽን ኤጀንሲ ሰጠ። በዚህ የተነሣ የቀድሞ ባለቤትና ወራሽ ክስ ይዞ ፍርድ ቤት ሲሄድ መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አለው ወይ?» የሚል ሆነ።

የ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361፣ ሥልጣኑን በቤቱ ባለቤት ከፈለው። በከተማው አስተዳደር ሥር ያሉ የመንግሥት ቤቶች ክርክር ለከተማው ፍርድ ቤቶች ሲሰጥ የግለሰብ ኪራይ በፌዴራል ፍርድ ቤት ቀረ፤ የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶችም እስከ 5,000 ብር የሚደርስ የገንዘብ ክርክር እንዲያዩ ተደረገ። በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 454 የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ማስገደድ ጀመረ፤ ከዚያ በፊት ግን ሁለት ችሎቶች ያንኑ ቁጥር ለየብቻ ይተረጉሙት ነበር።

የኪራይ ዋጋን በተመለከተ የ1952ቱ ሕግ ለተዋዋዮቹ ነፃነት ሰጥቶ ቆይቷል። በግል ማከራየት ከተመለሰ በኋላ ይህ ነፃነት በ2012 ዓ.ም. ለጊዜው ተገደበ፤ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ኪራይ መጨመርንና ተከራይ ማስወጣትን ከለከለ። ቋሚው ገደብ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1320 መጣ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ተደነገገ። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ስለታዘዘም፣ ቀድሞ በምስክር ይረጋገጥ የነበረው የኪራይ ክፍያ በባንክ መዝገብ መታየት ጀምሯል።