የመምህርነት ሙያና የቤተሰብ ትምህርት በጎንደር



የጎንደር ስም በተነሣ ጊዜ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው የዐፄ ፋሲልን ግንብ ነው። እኔ ግን ዛሬ ልነግራችሁ የመረጥሁት ድንጋይ ስላልተጠረበለት ሥራ፥ ይኸውም መምህር ስለ ማውጣትና ቤተሰብን ስለ ማስተማር ነው። እነዚህ ሁለት ሙያዎች በጎንደር አገር ለብዙ ዘመን ተለያይተው ኖረው ቆይተው ነው የተገናኙት።

በአሁኑ ዘመን መምህር ለመሆን የሚፈልግ ሰው ኮሌጅ ገብቶ፥ ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ይቀበላል። በአብነት ትምህርት ቤት ግን ምስክሩ ራሱ መምህሩ ነበር። ልጁ ፊደል ቆጥሮ፥ ዳዊት ደግሞ፥ ከዜማና ከቅኔ ቤት ውሎ፥ አቋቋም ለመማር የሚወድ ቢሆን በጎንደር ወደ በአታ ለማርያም ይመጣል። ዓመታት ቈጥሮ የሊቁን ፈቃድ ሲያገኝ «አስመሰከረ» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ወንበር ዘርግቶ ለማስተማር ይችላል። ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ተማሪው ገና ተማሪ ሳለ ማስተማር መጀመሩ ነው። ቆየት ያለው ለአዲሱ ያስጠናል፤ መምህሩም በአጠገቡ ሆነው እያደመጡ ስሕተቱን ያርማሉ። ዛሬ በመምህራን ማሠልጠኛ «የማስተማር ልምምድ» የሚባለው በዚያ ቤት የዕለት ተግባር ነበር።

ትምህርቱ አንዳንድ ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። በጨዋታ ዐዋቂነታቸው አገር የሚያውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና ያዘጋጁት የአቋቋም ሥርዓት ዛሬ የሚጠራው በእርሳቸው ስም ሳይሆን፥ ባስተማረው በልጃቸው በተክሌ ስም ነው።

ነገር ግን የዚህን ሁሉ ትምህርት ወጪ የቻለው ማን ነበር? ተማሪው ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ ከውሻ ጋራ እየተጣላ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ የምትሰጠው የቤቱ እመቤት ናት። በእኔ አስተያየት የጎንደርን ሊቃውንት ያወጣቸው መሶብ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ይህች ሴት ግን ራሷ ፊደል እንድትቆጥር የታሰበላት ከስንት አንድ ነው። እቴጌ ምንትዋብን የመሰሉ የቤተ መንግሥት ሴቶች ቢማሩም፥ በጎጃምም ዐይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በቅኔ መምህርነት ቢታወቁም፥ የወገራና የደባርቅ ገበሬ ሚስት ደጃፏ ላይ የቆመውን ተማሪ ስትመግብ ኖራለች እንጂ ከጉባኤው አልተቀመጠችም።

በመንግሥት በኩል የሴቶች ትምህርት በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1924 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ዘመናዊ የመምህራን ሥልጠናም በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ። ጎንደርን ግን ወደ አዲሱ ሥራ የጠራት መከራ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይነገራል። አንድ ቤት ሲታመም የሚያስታምም ጐረቤት በማይገኝበት ጊዜ ዳዊት መድገም ለነፍስ መጽናኛ ቢሆን እንጂ ትንኟን አያርቅም።

በማግሥቱ፥ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፥ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና የአሜሪካ መንግሥት ረዱት። ኮሌጁ ሦስት ዐይነት ባለሙያ ያወጣ ነበር፤ የጤና መኮንን፥ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያ። እነዚህም ተባብረው እንዲሠሩ ታስቦ፥ በአንድ ጤና ጣቢያ አንድ የጤና መኮንን፥ ሁለት ነርሶችና አንድ የአካባቢ ጤና ባለሙያ እንዲመደቡ ሆነ። ተማሪዎቹ ቆላ ድባን በመሰሉ ቦታዎች እየወረዱ በሕዝቡ መካከል ይለማመዱ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ነርሷ የተማረችው ማዋለድን ብቻ አልነበረም፤ ቤት ገብታ ማነጋገርንም ነበር። እርጉዟን እናት መጠየቅ፥ ጡት የሚጥለው ሕፃን ምን እንደሚመገብ ማሳየት፥ ስለ ምንጩ ውኃ መነጋገር፥ ይህን ሁሉ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ መፈጸም ራሱን የቻለ መምህርነት ነው። በየቢሮው ያለን ሰዎች ይህን ልብ ልንል ይገባናል፤ «ሽንት ቤት ቈፍር» የሚል ደብዳቤ መጻፍ ይቀላል፤ ባለቤቲቱን አስረድቶ ማስቈፈር ግን ብዙ ምልልስ ይጠይቃል። ተማሪው ቁራሽ ፍለጋ ያንኳኳው በር፥ አሁን ዕውቀት ይዛ በመጣች ልጃገረድ ተንኳኳ።

ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተያያዘ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከምረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ ብዙዎቹም ያገለገሉት በማስተማር ነው። በ1970 ዓ.ም. ኮሌጁ ሐኪሞችን ወደ ማሠልጠን ሲዞር የጤና መኮንኖች ትምህርት ተቋረጠ። ሐኪም ማፍራቱ የሚመሰገን ነው፤ ቤት ለቤት የሚያስተምረውን መተው ግን ስሕተት ነበር እላለሁ። ከዓመታት በኋላ ሥልጠናው እንደ ገና መጀመሩም ይህን ያሳያል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ያንኑ የጎንደርን መንገድ ተከተለ። 10ኛ ክፍል የጨረሱ፥ ከዚያው ከአገሩ የተመረጡ ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በአንድ ቀበሌ ይመደቡ ነበር። በየቤቱ እየዞሩ የሚያስተምሩት ቤተሰብም ትምህርቱን ሲፈጽም «ሞዴል ቤተሰብ» ተብሎ ይመረቃል፤ ምድጃዋ ዳር የተማረችው እመቤትም ከተመራቂዎቹ አንዷ ናት።